የጨዋታ መሣሪያ በካፉሪ ሙቀት

ትእዛዝ፦ ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ። በቤታችሁ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት ዕቃዎች መካከል ሲሠሩ የሚሞቁት የትኞቹ ናቸው? ሙቀቱስ ወዴት ይሄዳል? ከውይይቱ በኋላ ምንባቡን ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ።

ምንባብ

ጥቁር ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ፣ የጎጃምን ሸለቆ ዞሮ፣ የሱዳንን ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው ካርቱም ላይ ነው። ወደ መገናኛው ከመድረሱ በፊት በስተሰሜን ዳርቻው ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ካፉሪ ይባላል። ካፉሪ ባሕሪ በመባል የሚታወቀው የሰሜን ካርቱም ክፍል ሲሆን፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት እስኪነሣ ድረስ በሰፋፊ ግቢዎቹና በትልልቅ ቪላዎቹ የታወቀ የባለጸጎች መኖሪያ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ፕሌይስቴሽን፣ ከሙቀት የተነሣ ምን ዐይነት ፈተና እንደሚገጥመው በዚህ ምንባብ እንመለከታለን።

ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ400 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ዘወትር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። የፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ የፕሌይስቴሽን 5 መመሪያ መጽሐፍ ግን መሣሪያው እንዲሠራ የተፈቀደለት የአካባቢ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ እንደ ሆነ ይገልጻል። እንግዲህ የካርቱም ሳሎን አየር ማቀዝቀዣ ከሌለው፣ መሣሪያው ገና ሳይከፈት ከተፈቀደለት ወሰን አልፏል ማለት ነው።

መሣሪያው ከሶኬት የሚስበው ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጨዋታ ሲያጫውት ወደ 200 ዋት ይፈጃል፤ ይህም ሁለት ባለ100 ዋት የድሮ አምፖሎችን አብርቶ በአንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ እንደ መዝጋት ይቈጠራል። አብዛኛው ሙቀት የሚመነጨው ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይበልጥ የሲሊኮን ቁራጭ ነው። ሙቀቱን ከዚህ ቁራጭ ተቀብሎ የሚያሰፋው፣ በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች የተደረደረ አካል ነው። ማራገቢያው ከውጭ የሳበውን አየር በቅጠሎቹ መካከል አሳልፎ በኋላ በኩል ያስወጣዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማራገቢያ አየርን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሰው ማራገቢያ ፊት ሲቀመጥ ቀዝቀዝ የሚለው ላቡ ስለሚተን ነው፤ መሣሪያው ግን ላብ የለውም። ስለዚህ ማራገቢያው የቱንም ያህል ቢሽከረከር መሣሪያውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ለምሳሌ ያህል በመሣሪያው ውስጥ የሚያልፈው አየር በ15 ዲግሪ ይሞቃል እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ በ24 ዲግሪ የገባው አየር በ39 ይወጣል፤ ካፉሪ ውስጥ በ42 ዲግሪ የገባው በ57 ይወጣል። (የአዲስ አበባ አየር ከከፍታዋ የተነሣ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ሙቀትን ተሸክሞ የመውጣት ዐቅሙ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ቅዝቃዜው ይህን ጉድለት አሳምሮ ይክሰዋል።)

ሙቀት ሲበዛበት መሣሪያው በመጀመሪያ ይጮኻል፤ ማራገቢያው በሙሉ ኀይሉ ይሽከረከራልና። ቀጥሎ ከመጠን በላይ መሞቁን በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ጽፎ ያስጠነቅቃል፤ በመጨረሻም ራሱን ያጠፋል። ልጆች በዚህ ጊዜ ወዲያው መልሰው ለመክፈት ይቸኵላሉ፤ ትክክለኛው ግን ውስጡ እስኪበርድ መታገሥ ነው። ራሱን ማጥፋቱ ብልሽት ሳይሆን መከላከያ ነው። እውነተኛው ጉዳት በዝግታ የሚመጣ ነው፤ ብረትና ሲሊኮን ሲሞቁ የሚለጠጡት፣ ሲበርዱ የሚኰማተሩት በእኩል መጠን ስላልሆነ፣ የሚያያይዟቸው ጥቃቅን ብየዳዎች በተደጋጋሚ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይሰነጠቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ የቀረበው የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ከፊት ለፊቱ ሦስት ቀይ መብራቶች እያበራ በብዛት ይሞት የነበረው በዚሁ ጠንቅ ነው። ኩባንያው በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ለዚሁ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመመደብ ተገዷል። ያ ሁሉ የደረሰው እንደ ካርቱም ባለ ሙቀት ብቻ ሳይሆን በቀዝቃዛ አገሮች ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል።

በካርቱም ከሙቀት ሌላ አቧራ አለ። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል እንደ ግድግዳ ቆሞ ከተማዋን ሲሸፍናት ቀኑ ይጨልማል፤ ደቃቁ ብናኝ በተዘጋ መስኮት ስንጥቅ ሳይቀር ይገባል። የመሣሪያው ማራገቢያ ይህን ብናኝ ከአየሩ ጋር ስቦ በብረት ቅጠሎቹ መካከል ይከማቻል፤ ብናኙም ለሙቀቱ ብርድ ልብስ ይሆንለታል። ሀቡብ ሲነሣ መሣሪያውን አጥፍቶ፣ እስኪበርድ ጠብቆ በጨርቅ መሸፈን ይገባል። አቧራው ከሰከነ በኋላ ጨርቁ ይነሣል፤ መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ የአየር ቀዳዳዎቹ በለስላሳ ብሩሽ ወይም ኀይሉ በተቀነሰ ቫኪዩም ክሊነር ይጸዳሉ። ማራገቢያው በአየር ግፊት ተገፍቶ እንዳይሽከረከር መጠንቀቅ ያሻል፤ ውስጡን መክፈት ግን ለጥገና ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ካርቱም ውስጥ በብዛት የታወቀው ማቀዝቀዣ በውሃ የሚሠራው ነው። አሠራሩ በአገራችን በእንስራ ያለ ውሃ ከሚቀዘቅዝበት መንገድ ጋር አንድ ነው፤ ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። በደረቁ ወራት ክፍሉን በእጅጉ ያቀዘቅዛል፤ በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ግን ይደክማል። ይህን ማቀዝቀዣ በቀጥታ ወደ ጨዋታ መሣሪያው ማዞር አይገባም፤ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም እርጥብ ነውና። እርጥብ ጨርቅ ወይም በረዶ በመሣሪያው ላይ ማስቀመጥማ ከሙቀቱ የባሰ ጥፋት ያመጣል።

አንድ ሌላ አደጋ ሲደርስ በዓል ይመስላል። መብራት ይጠፋል፤ ትንሽ ጄኔሬተር ይነሣል። ጄኔሬተሩ አየር ማቀዝቀዣውን መሸከም አይችልም፤ ቴሌቪዥኑንና ጨዋታውን ግን ያሠራል። ልጆቹ ይደሰታሉ፤ መሣሪያው ግን ክፍሉ እየጋለ በሚሄድበት ሰዓት ይደክማል። እንዲህ ያለው ሰዓት የጨዋታ ሰዓት አይደለም። በካርቱም ሙቀት ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ማለዳ ነው።

ከካርቱም ወደ አገራችን በመተማ በኩል ብንመለስም ጉዳዩ አይለወጥም። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚሁ መንገድ ተመልሰዋል። መተማም ሆነች ሰመራ ወይም ጋምቤላ፣ ሙቀታቸው ከካርቱም ብዙ የራቀ አይደለም። በየከተማው ወጣቶች ሁለት ሦስት መሣሪያ ገዝተው፣ በጨዋታ ልክ እያስከፈሉ ይተዳደራሉ። ከአንዲት በር በቀር አየር መግቢያ በሌላት ቆርቆሮ ቤት መሣሪያው ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል። በዚህ ላይ ሌባ እንዳይወስደው ብለው በእንጨት ሣጥን የሚቆልፉት አሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሣጥኑ የሚወጣውን ትኩስ አየር ይዞ መልሶ ለመሣሪያው ያጐርሰዋል። የሣጥኑ የፊትና የኋላ ጐን በሽቦ ወንፊት ቢተካ ግን መሣሪያው ከሌባም ከሙቀትም ይጠበቃል። አንድ መሣሪያ ቢቃጠል የሚተካው የብዙ ወራት ገቢ ነውና ወንፊቱ ርካሽ ነው።

በመኖሪያ ቤትም ቢሆን መሣሪያው ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። እናቶች በላዩ የሚያለብሱት ዳንቴል ያማረ ነው፤ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ግን ይነሣ። የሚቃጠል ፕላስቲክ ከሸተተ ጨዋታው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ወዲያው ከሶኬት ይነቀላል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።
1. ማራገቢያ ሰውን ሲያቀዘቅዝ መሣሪያን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ የማይችለው ለምንድን ነው?
2. መሣሪያው ራሱን ማጥፋቱ ብልሽት አይደለም የተባለው ስለ ምንድን ነው?
3. «አንድ ሌላ አደጋ ሲደርስ በዓል ይመስላል» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
4. የሚወጣው አየር በ15 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ፣ በአካባቢያችሁ በሞቃቱ ወር በስንት ዲግሪ ይወጣል?

ለ. ለሚከተሉት ቃላት እንደ ምንባቡ አገባብ ፍቺ ስጡ፤ በዐረፍተ ነገርም አስገቡ።
ዋስትና፣ ብናኝ፣ መኰማተር፣ ጠንቅ፣ የሳሳ፣ ሰከነ

ሐ. «ምንም እንኳ … ቢሆንም» በሚለው አያያዥ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አንድ አድርጉ።
የውሃ ማቀዝቀዣው አየር ቀዝቃዛ ነው። ለጨዋታ መሣሪያ አይስማማም።

መ. በአካባቢያችሁ የጨዋታ ቤት ወይም የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ሄዳችሁ፣ መሣሪያዎቹ የተቀመጡበትን ሁኔታ አስተውሉ። ባለቤቱን በትሕትና ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን በሦስት አንቀጽ ጽፋችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።