ጠዋት ጠዋት ጣትዎ አልታጠፍ ይላል?

ከሸዋ በር ገበያ ዕቃ ተሸክማ የተመለሰች እናት ማታ ጉልበቷን ቢያማት አይገርምም፤ ስታርፍ ይሻላታል። በእረፍት የማይሻል፣ እንዲያውም ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚብስ ሕመም ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን «ብርድ ነው» እያልን ወራት እናሳልፋለን። መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ከሞቀና ሲነኩት ካመመ ብግነት ሊኖረው ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

ዓይነቶቹ እንዴት ይለያሉ?

1. ሩማቶይድ፦ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራስን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ ይመጣል። በሴቶች ላይ ይበዛል። ብዙውን ጊዜ የሁለቱንም እጆች ጣቶችና አንጓ ይይዛል፤ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያደርቃል። ሳይታከም ከቆየ ጣትን ያጣምማል።

2. ሪህ፦ በወንዶች ላይ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ሌሊት በድንገት የእግርን አውራ ጣት ያሳብጣል። ሥጋና ቢራ ማብዛት ያባብሰዋል።

3. የሩማቲክ ትኩሳት፦ ልጅዎ ጉሮሮውን ታሞ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ሕመም ከያዘው ቶሎ ያሳክሙት። መገጣጠሚያው ቢድንም ልቡ ሊጎዳ ይችላል።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ትኩሳት ካለ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ አይታሽ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ስለ ሕክምናውና ስለ እርግዝና

ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳሉ እንጂ ሩማቶይድን አያቆሙም። ለዚህ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ሜቶትሬክሴት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ሕይወት ያሳጣል።

ሜቶትሬክሴት ፅንስን ይጎዳል፣ ያስወርዳልም። ስለዚህ የምትወስድ ሚስት መርፌ፣ በክንድ የሚቀበር ወይም ሉፕ፣ የሚስማማትን አስተማማኝ መከላከያ ትጠቀም። ልጅ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ መድኃኒቱ ከማርገዟ 3 ወር ያህል በፊት ቆሞ በሌላ ይተካል። ስታጠባም አይወሰድም። መድኃኒቱን የሚወስደው ባል ከሆነም ለሐኪሙ ይንገር። ነፍሰ ጡር ደግሞ፣ በተለይ ከ5ኛ ወር በኋላ፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ።

ሩማቶይድ በእርግዝና ጊዜ ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል፤ ከወለዱ በኋላ ግን ይመለሳል። ስለዚህ «እርግዝና ያድነኛል» ብሎ ማርገዝ መፍትሔ አይሆንም።

አባወራዎች ሆይ፣ ሚስትዎ ጠዋት ልብስ መጭመቅ ቢያቅታት ስንፍና አይደለም። ሥራውን ያግዟት፤ አብረዋትም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ካስፈለገ ከዚያ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይልኳችኋል። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒትና የወሊድ መከላከያ ሁሉ ይዛችሁ አሳዩ።