ታላላቅ የካርታ መረጃዎች በኮምፒዩተር ሲዘጋጁ የሚያጋጥሙ ስሕተቶችና የመመርመሪያ መንገዳቸው
ማክሰኝትን በምሳሌነት የወሰደ ትምህርት

ድርቅ በሚያሰጋው አካባቢ ለተሰማራ ባለሥልጣንም ሆነ የዕርዳታ ሠራተኛ ካርታ የዕለት ተዕለት የሥራ መሣሪያ ነው። እህል የሚራገፍበት ጣቢያ፣ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ሥፍራ፣ ሰፋሪዎች የሚደለደሉበት መሬት፣ እርከን የሚሠራበት ተዳፋት ሁሉ በቅድሚያ የሚመረጡት በካርታ ላይ ነው። ካርታ በወረቀት ብቻ ይዘጋጅ በነበረበት ዘመን የነዳፊው እጅ ቢሳሳት የተመልካቹ ዐይን ሊያርመው ይችል ነበር። ዛሬ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች በኮምፒዩተር ውስጥ በአንድ ጊዜ ስለሚቀነባበሩ ስሕተቱ ከዐይን ይሰወራል። በመሆኑም ስሕተት ከየት እንደሚመነጭና እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ለካርታ ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም፤ ውጤቱን ተቀብሎ በፊርማው የሚያጸድቀውም ኃላፊ ሊያውቀው ይገባል።

የመረጃው ክብደት

የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው የጉማራ ተፋሰስ፣ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ከኦስትሪያ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን የአፈር መከላትን ያጠኑበት ሥፍራ ነው። ስፋቱ ከ50 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል።

ሥፍራው ትንሽ ቢመስልም መረጃው ትንሽ አይደለም። አንዱ የምስል ነጥብ በምድር ላይ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሸፍን የአየር ፎቶግራፍ ቢወሰድ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ 16 ሚሊዮን ነጥቦች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለማት ስላሉት 48 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ለ50 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲባዛ 2.4 ቢሊዮን ባይት ይደርሳል። የአንድ ተፋሰስ መረጃ ይህን ያህል ከሆነ፣ የወረዳው ወይም የዞኑ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሥራን የሚያቋርጡ ስሕተቶች

ኮምፒዩተሩ ሥራውን አቋርጦ የስሕተት መልእክት ሲያወጣ ብዙዎች መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ከሚከተሉት ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛው የፋይሉ ልክ መታለፉ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ሼፕፋይል እያንዳንዱ ክፍሉ ከ2 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። የተለመደው የቲፍ ምስልም ልኩ 4 ጊጋባይት ነው። ከዚህ በላይ ለሆነ መረጃ የማሳ ወሰኖችን በጂኦፓኬጅ፣ ምስሎችን በቢግቲፍ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሁለተኛው የማስታወሻ ቋት፣ ማለትም የሜሞሪ ማነስ ነው። ታምቆ በዲስክ ላይ ጥቂት ቦታ የያዘ ምስል ሲከፈት ወደ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል። ስለዚህ የፋይሉን መጠን ብቻ አይቶ «ትንሽ ነው» ማለት ያሳስታል። መፍትሔው መረጃውን ከፋፍሎ መሥራት ነው፤ አከፋፈሉ ግን ማስተዋልን ይጠይቃል። የተዳፋት ስሌት በሚሠራበት ጊዜ ክፍልፋዮቹ በጠርዛቸው ጥቂት መደራረብ አለባቸው። የጎርፍ ፍሰት በሚሰላበት ጊዜ ደግሞ መሬቱ በውሃ መለያው ሸንተረር እንጂ በአራት ማዕዘን መቆረጥ የለበትም፤ አለዚያ ከላይ የሚወርደው ውሃ ከስሌቱ ይጎድላል።

ሦስተኛው የተበላሸ ቅርጽ ነው። ወሰኑ ራሱን የሚያቋርጥ አንድ ማሳ ብቻ በመቶ ሺህ ማሳዎች መካከል ቢገኝ ሥራውን ሁሉ ሊያስቆም ይችላል። ይህን ለማግኘት በመጀመሪያ የቅርጽ መመርመሪያውን ማዘዝ ይገባል። እርሱ ካላገኘው መረጃውን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም መሞከር፣ ስሕተት ያሳየውን ግማሽ ደግሞ ለሁለት መክፈል ነው። በዚህ ዓይነት ከመቶ ሺህ ማሳዎች አንዱን ጥፋተኛ ለይቶ ለማውጣት ከ17 ክፍፍል በላይ አያስፈልግም።

በዝምታ የሚያልፉ ስሕተቶች

ከላይ የተገለጹት ስሕተቶች ቢያደክሙም መኖራቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ይበልጥ የሚያሰጉት ኮምፒዩተሩ «ተፈጽሟል» ብሎ ውብ ካርታ አትሞ ሲሰጥ በውስጡ ተደብቀው የሚያልፉት ናቸው።

ከነዚህ ዋናው የመለኪያ መነሻ መለያየት ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ያሳተማቸው 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ይጠቀማል። በማክሰኝት አካባቢ ከወረቀቱ ካርታ የተነበበ ቁጥር ሳይለወጥ የጂፒኤስ ቁጥር ተደርጎ ቢመዘገብ፣ ሥፍራው ወደ ምዕራብ 90 ሜትር፣ ወደ ደቡብ ደግሞ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። የአንድ ሄክታር ካሬ ማሳ ጎን 100 ሜትር ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ የአንዱ ገበሬ ይዞታ በሌላው መሬት ላይ ተመዘገበ ማለት ነው።

ሁለተኛው የቀጠና መሳሳት ነው። ማክሰኝትና በጠቅላላው የጎንደር ደጋ በዩቲኤም ቀጠና 37 ውስጥ ናቸው። ከደጋው የተነሡ ሰፋሪዎች ከሰፈሩባቸው ቆላማ ወረዳዎች አንዱ የሆነው ቋራ ግን ምዕራባዊ ክፍሉ ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ወዲያ ስለሚያልፍ በቀጠና 36 ይገኛል። የሁለቱ መረጃ ሳይለይ ቢደባለቅ፣ የቋራው ነጥብ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ በአፋር ምድር ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። ለሰው «ጎንደር» እና «ጐንደር» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጉማራ የሚባል ወንዝም በማክሰኝት ብቻ ሳይሆን በደቡብ ጎንደር ፎገራ በኩልም ስላለ፣ በስም ብቻ የተጣመሩ ሠንጠረዦች የአንዱን ቁጥር ለሌላው ይሰጣሉ። ከዚህም ሌላ በሼፕፋይል የዓምድ ርእስ ከ10 ባይት አይበልጥም፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከሦስት ፊደል በላይ ያለው ይቆረጣል። ስለዚህ ሠንጠረዦች በስም ሳይሆን በቀበሌ መለያ ቁጥር ይጣመሩ።

አራተኛው የባዶ ሥፍራ ምልክት ነው። በየካቲት ወር 1992 ዓ.ም. በጠፈር መንኩራኩር የተሰበሰበው የከፍታ መረጃ፣ ማክሰኝትን በያዘው አንድ ቅጠል ብቻ 3,601 በ3,601፣ ማለትም ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች አሉት። በመጀመሪያው እትም መለኪያ ያልተገኘበት ነጥብ «ከዜሮ በታች 32,768» በሚል ምልክት ተሞልቷል። ፕሮግራሙ ይህን ከፍታ ነው ብሎ ከደመረው አማካዩ ሁሉ ይዛባል።

የምርመራ ሥርዓት

የካርታ ባለሙያው ስሕተት ሲያጋጥመው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሠራ ጊዜም ድካምም ይቀንስለታል።

1. ዋናውን መረጃ ሳይነካ ቅጂውን ብቻ መሥራት።
2. የስሕተቱን መልእክት እንዳለ መጻፍ፤ ቃሉ ሳይዛባ ካልተያዘ ሌላው ባለሙያ ሊረዳ አይችልም።
3. ሥራውን በአንድ ቀበሌ መረጃ ብቻ መሞከር። በትንሹ ከሠራና በትልቁ ካልሠራ ችግሩ የልክ ነው፤ በትንሹም ካልሠራ የመረጃው ወይም የትእዛዙ ነው።
4. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን መመዝገብ።
5. ከሥራው በፊትና በኋላ ማሳዎችን መቁጠርና ጠቅላላ ስፋታቸውን ማነጻጸር።
6. ውጤቱን በታወቀ ሥፍራ መፈተን። የማክሰኝት ዋና መንገድ በካርታው ላይ በመንገዱ ላይ መዋሉን ማየት ቀላል ነው። እንዲሁም የአካባቢው ውሃ የሚፈሰው ወደ ጣና ስለሆነ፣ ከሐይቁ ወለል፣ ማለትም ከ1,786 ሜትር ገደማ በታች የሆነ ከፍታ በተፋሰሱ ውስጥ ከታየ መረጃው ስሕተት አለበት።

ማጠቃለያ

የሥራው ፍጻሜ በኮምፒዩተሩ ፊት አይደለም። ካርታው ወደ ቀበሌው ተወስዶ ወሰናቸውን በእግራቸው ለሚያውቁ ሽማግሌዎችና ገበሬዎች ሊታይ ይገባል። ማሳው ከወንዙ ወዲህ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ካርታው ከወንዙ ማዶ ሲያሳየው ስሕተቱን ወዲያው ይናገራል። ኮምፒዩተር የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ስለሚያሰላ፣ ቁጥሩ ከምድሩ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ የሰው ድርሻ ነው። ኃላፊውም ካርታ ቀርቦለት ከመፈረሙ በፊት መነሻው፣ ቀጠናውና በመስክ የተፈተነበት ቀን በግርጌው መጻፉን ይጠይቅ። ሦስቱ ከሌሉ ወደ ባለሙያው ይመልሰው፤ የአንድ ቀን መዘግየት በሌላ ሰው መሬት ላይ ከተመዘገበ ቤተሰብ አቤቱታ እጅግ ይቀላል።