ስለ አእምሮ ሕሙማን፤ የመድኃኒትና የምክር ቃል አንድነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር በአረቅጥና በጉመር ቀበሌዎች፥ እንዲሁም በሀገራችን በየአጥቢያው ያሉትን ካህናት ዘወትር የሚያጋጥም ነው። ይኸውም አንድ ሰው አእምሮው በታወከ ጊዜ ቤተ ዘመዱ በሁለት ምክር ይከፈላል። አንዱ ወገን፥ «እንክብሉን ዋጥ፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው» ይለዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «እንክብሉን ጣል፤ የሚያድንህ ጸሎትና ምክር ብቻ ነው» ይለዋል። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ዳሩ ግን በክርክራቸው መካከል የሚጐዳው ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ መድኃኒትና ቃል ባላጋራዎች እንዳይደሉ፥ ይልቁንም አንዱ ለሁለተኛው በር የሚከፍት መሆኑን ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለዚህም ትምህርት ነቢዩ ኤልያስን ምስክር አድርገን እናቀርባለን። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 እንደምናነበው፥ ያ ታላቅ ነቢይ በቀርሜሎስ ድል ካደረገ በኋላ የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከዛፍ ሥርም ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት በእምነት ማነስ አልወቀሰውም፤ ረጅም ስብከትም አልሰበከለትም። አስቀድሞ እንቅልፍ አገኘ፤ ቀጥሎም መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ሥጋው ከበረታ በኋላ ኮሬብ ደረሰ፤ በዚያም ለምን እንደ መጣ ሁለት ጊዜ ተጠየቀ፤ እርሱም ሁለት ጊዜ ኀዘኑን ዘርዝሮ ተናገረ። በመጨረሻም የሚሠራው ሥራ ታዘዘለት፤ ኤልሳዕም ረዳት ሆነው። እንግዲህ ሥርዓቱን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ለሥጋ የሚሆን እርዳታ፥ ከዚያ የሚሰማ ጆሮና የሚጠይቅ ቃል፥ ከዚያም ሥራና ጓደኛ። የአእምሮ ሕክምናም በዛሬው ዘመን የደረሰበት ሥርዓት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለ መድኃኒቱ አስቀድመን እንናገር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ቀድሞ ከመታሰር በቀር ተስፋ ያልነበራቸው ብዙዎች ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ሕመም፥ ማለት ሰው የሌለ ድምፅ በሚሰማበትና ሐሳቡ በሚበታተንበት ሕመም፥ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ድምፁን ያደክማሉ፤ ፍርሃቱን ያበርዳሉ። ከእነዚህም በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንት በመርፌ የሚሰጥ አለ። ለከባድ የመንፈስ ጭንቀት፥ ዛሬ ድባቴ ለሚባለው፥ የሚሰጡት እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉክሰቲን ያሉት ደግሞ ጥቅማቸው የሚታወቀው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው በሳምንቱ «አልረዳኝም» ብሎ ይተወዋል።

መድኃኒቱ ግን ወሰን አለው። እጅን ሊያንቀጠቅጥ፥ እንቅልፍ ሊያበዛ፥ ምራቅ ሊያዝረከርክ፥ ዕረፍት ሊነሣ ይችላል። ደግሞም የጠፋውን ሥራ አይመልስም፤ የተቀየመውን ወንድም አያስታርቅም፤ «እኔ የተረገምሁ ነኝ» የሚለውን አሳብ ከሥሩ ነቅሎ አይጥልም። ቃል የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው።

የንግግር ሕክምና የሚባለው ተራ ማጽናናት አይደለም። የሠለጠነው አማካሪ በተቀጠረ ሰዓት ከሕመምተኛው ጋር ይቀመጣል፤ ያስጨነቀውን ነገር አንድ በአንድ ይለያል፤ ዛሬ ሊፈታ የሚችለውን መርጦ በምን መንገድ እንደሚፈታ አብሮ ያስባል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም የተሞከረውን ይመረምራል። ቤተ ሰቡም ሕመሙን እንዲያውቅ፥ ቍጣና ነቀፋ እንዲቀንስ ይማራል፤ ሁልጊዜ ተግሣጽና ነቀፋ በሚበዛበት ቤት ሕመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽ በብዙ አገር ተመርምሮ ታውቋልና። ቀላል ለሆነ ጭንቀት ምክሩ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ለጠናው ድባቴ ግን ሁለቱ ሲጣመሩ ከአንዱ ብቻ የበለጠ ይረዳሉ። ስኪዞፍሬኒያን በመሰለ ከባድ ሕመም ደግሞ ምክር መድኃኒቱን አይተካም፤ ያጸናዋል እንጂ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ከአረቅጥ ደጋ ወርደን በተራራው ግርጌ በምናገኛት በቡታጅራ፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ68 ሺህ የሚበልጡ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሰዎችን በየቤቱ ጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል ቀድሞ ለሕመሙ የሚሆን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ 10 አይሞሉም ነበር። ሌሎቹ በየጓዳው፥ በየመንገዱና በየጸበሉ ቦታ ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ምድረ ከብድ በሚገኝበት በሶዶ ወረዳ፥ ለጉዳያችን ቀጥተኛ መልስ የሚሰጥ ሌላ ምርመራ ተደረገ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎች በሁለት ወገን ተመደቡ። ሁሉም በጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያገኙበት ሕክምና ነበራቸው። የአንዱን ወገን ሕሙማን ግን ሐኪሞች ያልሆኑ፥ ለሥራው የሠለጠኑ ሰዎች እስከ 12 ወር ድረስ በየቤታቸው ይጐበኟቸው ነበር፤ ስለ ሕመሙና ስለ መድኃኒቱ ያስረዱ፥ ቤተ ሰቡን ያወያዩ፥ ወደ ሥራና ወደ ጉርብትና የሚመለሱበትን መንገድ ያመቻቹ ነበር። ዓመቱ ሲፈጸም እነዚህ በኑሯቸውና በሥራቸው ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ውጤቱም በ2014 ዓ.ም. ለዓለም ታተመ። ኤልያስ እንጀራውንም፥ ጥያቄውንም፥ ጓደኛውንም እንዳስፈለገው፥ የሶዶ ገበሬም እንዲሁ ሆነ።

ከዚሁ ከቡታጅራ አካባቢ ሌላ ልብ የሚነካ ነገር ተምረናል። ሕሙማን መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ በተጠየቁ ጊዜ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ረኃብ ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ በቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው «መድኃኒትህን ለምን ተውህ?» ብሎ መቈጣት ምን ይጠቅማል? ከተናገረ በኋላ ግን ቆጮና ጎመን ይዞ ቤቱን የሚያንኳኳ ጎረቤት ቢገኝ መድኃኒቱም ሥራውን ይሠራል። ሰውየው ባይናገርና የሚሰማው ባያገኝ ኖሮ ግን ማን ባወቀው ነበር? ቃል መድኃኒትን የሚያጸናው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ካህናትና ወደ ንስሓ አባቶች ቃላችንን እንመልስ።

አንደኛ፤ ካህን መድኃኒት አቋርጥ ብሎ አይዘዝ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ሕመሙን አብሶ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ጉዳት፥ ሞትም ቢሆን፥ ትእዛዙን የሰጠውን ሰው በእግዚአብሔር ፊት ያስጠይቀዋል። መድኃኒቱ ያስቸገረው ሰው ቢኖር መጠኑን የሚለውጥ ሐኪሙ ስለ ሆነ ወደ እርሱ ይላክ።

ሁለተኛ፤ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን እየጠጡ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል፤ ይህ ለአእምሮ ሕሙማንም የሚሆን ትምህርት ነው። ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ መርፌ የሚወጋበትንም ቀን ቈጥሮ ይመለስ። ከሁሉም ይልቅ ሰውን በሰንሰለት ማሰርና መምታት የፈውስ መንገድ ተደርጎ አይቈጠር።

ሦስተኛ፤ በጾም ወራት የንስሓ አባት አስቀድሞ ይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው በጾም ሥርዓት የምታዝንለት እናት ናት። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ያለውን ሰው የንስሓ አባቱ ሰዓቱን በግልጽ ይወስንለት፤ አለዚያ ሕመምተኛው በኅሊናው እየተጨነቀ በሥውር ይበላል፥ ወይም በሥውር መድኃኒቱን ይተዋል።

አራተኛ፤ ንስሓና የንግግር ሕክምና አንድ አይደሉም። በንስሓ ኀጢአት ይሰረያል፤ በሕክምናው ሕመም ይታከማል። ሕመም ኀጢአት ስላልሆነ ሕመምተኛው ባልሠራው ነገር ንስሓ እንዲገባ አይገደድ። ሆኖም በትዕግሥት የሚሰማ ካህን ለሐኪሙ ትልቅ ረዳት ነው።

አምስተኛ፤ ሞትን የሚመኝ ሰው ሲገኝ ካህኑ ሳይፈራ በግልጽ ይጠይቀው፤ መጠየቅ አሳቡን አያመጣበትምና። ብቻውን እንዳይሆን ይመከር፤ ገመድና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ ይራቅ። ካህኑም ምሥጢረ ንስሓን ሳያፈርስ፥ ሕመምተኛው ራሱ ለሐኪምና ለቅርብ ዘመድ እንዲናገር ያደፋፍረው፤ ወደ ጤና ጣቢያም አብሮት ይሂድ።

«መድኃኒት የሚወስድ ሰው እምነት ጐድሎታል» የሚል ቢኖር ግን መጽሐፈ ሲራክን በምዕራፍ 38 ይመልከት፤ ሐኪምን የፈጠረ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና። ሕዝቅያስ በእንባ ጸለየ፥ ጸሎቱም ተሰማለት፤ ኢሳይያስ ግን በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። ደጉ ሳምራዊም ዘይትና ወይን አፍስሶ ብቻ አልሄደም፤ ቍስለኛውን በእንግዶች ማደሪያ አስተኝቶ ጠበቀው፥ የሚያስፈልገውንም ከፈለለት።

ምእመናን ሆይ፤ ከአረቅጥ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ለሕክምና የሚወርድ ድሀ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያወጣል፥ የእርሻ ቀኑንም ይተዋል። ማኅበራችሁና ዕድራችሁ የሞተውን ለመቅበር ይተጋል፤ በሕይወት ሳለ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበትና የሚያወራው ሰው እንዳያጣ ደግሞ ይትጋ። መሳፈሪያውን አዋጡለት፤ በመንገድ አጅቡት፤ ሲመለስም ቡናውን አፍልታችሁ ጥሩትና ያጫውታችሁ። ካህናትም የታመሙትን ስም በጸሎት ከማንሣት ጋር የቤታቸውን ደጅ እወቁ።

ኤልያስን በምድረ በዳ ያልተወው አምላክ ለሐኪሞች ጥበብን፥ ለካህናት ትዕግሥትን፥ ለሕሙማን ጤናን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።