«ስዋቲ ሙትያም»፦ በጋብቻ ውስጥ መሥዋዕትነት የማን ነው?



ስለ ጋብቻ ስንነጋገር «መሥዋዕትነት» የምትለውን ቃል ሳናነሣ አናልፍም። ነገር ግን የሚሠዋው ማን ነው? የሚሠዋውስ ወዶ ነው ወይስ ተገዶ? ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በዚህ ትምህርት ጥያቄውን በአንድ የሕንድ ፊልም አማካይነት እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ፊልሙ

በአገራችን የሕንድ ፊልም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው በሂንዲ ቋንቋ የሚሠራውን ነው። «ስዋቲ ሙትያም» ግን የተሠራው በደቡብ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና በሚነገረው በቴሉጉ ቋንቋ ነው። ያዘጋጁት በ2023 ያረፉት ኬ. ቪስዋናት ሲሆኑ፣ ካማል ሀሰንና ራዲካ ዋናዎቹ ተዋንያን ናቸው። ፊልሙ በ1986 ለሕዝብ ቀረበ፤ በቴሉጉ ቋንቋ ከተሠሩት የዓመቱ ምርጥ ተብሎም የሕንድን ብሔራዊ ሽልማት አገኘ። ሕንድም ለአሜሪካው የኦስካር ውድድር የላከችው ይህንኑ ፊልም ነበር።

ስሙ የመጣው ከጥንት የሕንዶች አባባል ነው። «ስዋቲ» በምትባለው ኮከብ ወቅት የዘነበ ጠብታ በዛጎል ውስጥ ቢወድቅ ዕንቁ ይሆናል ይላሉ። ስሙ የሚያመለክተው ሲቫያ የተባለውን ሰው ነው። ሲቫያ በአካል ሙሉ ሰው፣ አእምሮው ግን እንደ ዕድሜው ያልጎለመሰ፣ ተንኮል የማያውቅ የዋህ ነው። የሚኖረው ከሴት አያቱ ጋር ነው።

ላሊታ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ትንሽ ልጅ ያላት ወጣት ናት። የባሏ ወላጆች አልተቀበሏትም፤ ስለዚህ በወንድሟ ቤት ተጠግታ የወንድሟን ሚስት ግልምጫ ትችላለች። ሲቫያ ይህች ሴት ደጋፊ እንደሚያስፈልጋት ይሰማል። የራማና የሲታ ጋብቻ በሚታሰብበት በዓል ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቤተ መቅደስ፣ የሙሽራዋን የጋብቻ ማተብ አንሥቶ በላሊታ አንገት ላይ ያስራል። በዚያ አገር ልማድ ወንድ ይህን ካሰረ ጋብቻው ተፈጸመ ማለት ነው። ሕዝቡ ይደነግጣል፤ ከሁሉም በላይ የደነገጠችው ግን ራሷ ላሊታ ናት።

ነገሩ ለምን ከባድ ሆነ?

በዚያ ኅብረተሰብ፣ ይልቁንም ከፍተኛ በሚባሉት ወገኖች ዘንድ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ዳግመኛ ማግባቷ ለረጅም ዘመን ነውር ነበር። በልጅነታቸው ተድረው በልጅነታቸው ባል የሞተባቸው ሁሉ ዕድሜያቸውን ብቻቸውን ይፈጁ ነበር። በእንግሊዞች አገዛዝ ዘመን፣ በ1856 የወጣው ሕግ ዳግመኛ ማግባትን ፈቀደ፤ ሆኖም ያገባችው ሴት ከሟች ባሏ ያገኘችውን ውርስ እንድታጣ አደረገ። በቴሉጉ ተናጋሪዎች መካከል ለዚህ ጉዳይ የታገለው ጸሐፊው ካንዱኩሪ ቪሬሳሊንጋም ነበር። በ1881 በራጃሙንድሪ ከተማ እንዲህ ያለውን የመጀመሪያ ጋብቻ ሲያስፈጽም ከብዙዎች ተቃውሞ ደርሶበታል። ፊልሙ የወጣው ሕጉ ከወጣ ከ130 ዓመት በኋላ ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ የጎረቤት ዓይን ግን በአንድ ቀን አይለወጥም።

ከፊልሙ የምንማረው

1ኛ/ ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም። ሲቫያ ያደረገውን ያደረገው ከንጹሕ ልብ ነው። ነገር ግን ላሊታን አልጠየቃትም። እርሱ መጠየቅ እንዳለበት አላወቀም፤ እኛ ግን እናውቃለን። «ለአንቺ ብዬ ነው» እያልን የሌላውን ሕይወት ሳንጠይቅ የምንወስን ከሆነ፣ መሥዋዕትነቱን የምንከፍለው እኛ ሳንሆን ያ ሰው ነው።

2ኛ/ ትልቁን ሸክም የተሸከመችው ላሊታ ናት። ፊልሙን መጀመሪያ ሳየው ያዘንኩት ለሲቫያ ነበር። ሁለተኛ ሳየው ግን ዓይኔ ላሊታን ተከተለ። ያልመረጠችውን ባል ሠራተኛና ኃላፊ እንዲሆን በትዕግሥት ታስተምረዋለች፤ የሰው ሐሜት እየሰማች ቤት ታቆማለች። እንግዲህ ያንን ማተብ ማሰር የአፍታ ሥራ ነበር፤ ትዳሩን የሠሩት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

3ኛ/ መሥዋዕትነት የሁለቱም ሲሆን ፍቅር ይሆናል። ሲቫያ ከተማረ በኋላ ሠርቶ ቤቱን ያስተዳድራል፤ የላሊታን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ይወዳል። ላሊታ በክንዱ ላይ ስትሞት ከእንግዲህ እርሱ የሚጠበቅ ሕፃን አይደለም። በፊልሙ መጨረሻ ሽማግሌው ሲቫያ ከቤቱ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ቱልሲ የተባለውን ተክል ነው፤ ይህም የበሶብላ ዘመድ ሲሆን የላሊታ መታሰቢያው ነው።

በመጨረሻም፣ በየሰፈራችን ባሏ የሞተባት እኅት አትጠፋም፤ ስለ እርሷ የሚያወራም አይጠፋም። ምን እንደሚያስፈልጋት ከመወሰናችን በፊት ሄደን ራሷን እንጠይቃት።

ለውይይት

ሀ/ ላሊታ በዚያ ቀን ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ ምን የምትመልስ ይመስላችኋል?
ለ/ በምታውቁት ትዳር ውስጥ መሥዋዕትነቱ የሁለቱም ነው ወይስ የአንዱ ብቻ?
ሐ/ ለሰው በጎ አደረግን ብለን፣ ፈቃዱን ሳንጠይቅ የወሰንበት ጊዜ የለምን?