ለካርናቲክ ሙዚቃ ጆሮህን ለሰጠኸው ልጄ

የደቡብ ህንድ ክላሲካል ሙዚቃ፣ ካርናቲክ የሚባለው፣ ልብህን እንደሳበው ስሰማ ደስ አለኝ። የእኛ ትውልድ ህንድን የሚያውቃት በፊልሟና በየትምህርት ቤቱ ባስተማሩን መምህሮቿ ነው። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ሙዚቃ በአገራቸው የሚከበር ሙዚቃ ነው። አንተ ወደ ውስጥ ለመግባት ስለፈለግህ የማውቀውን ልንገርህ።

1. ጆሮህን ከዓይንህ አስቀድም። ይህን ሙዚቃ ከፏፏቴና ከኮኮናት ዛፍ ምስል ጋር አጣብቀው የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው። ምስሉ ያምራል፤ ዜማውን ግን ማጀቢያ ያደርገዋል። ስልክህን ገልብጠህ አስቀምጥና መጀመሪያ ታምቡራውን ብቻ ፈልገህ ስማ። አራት ክር ያለው፣ ዜማ የማይጫወት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሥር የማይቋረጥ መሣሪያ ነው። ክሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ ላይ በእያንዳንዱ ክር ሥር ቀጭን የጥጥ ፈትል ይገባል። ፈትሏ በጥቂቱ ወዲህ ወይም ወዲያ ስትል ድምፁ ይከፈትና መንዘር ይጀምራል። በበገና ክሮች ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ያ ንዝረት ለጆሮህ ባዳ አይሆንበትም።

2. ከሞሃናም ጀምር። 72 እናት ቅኝቶች አሉ ሲሉህ አትደንግጥ፤ ያ ለኋላ ይቆይ። ሞሃናም የሚባለው ራጋ፣ ማለትም ቅኝት፣ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አምስቱም የእኛው የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ልዩነቱ አዘፋፈኑ ላይ ነው። እዚያ አንድ ድምፅ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ይላል፣ ይወዛወዛል፣ ይመለሳል። ጋማካ ይሉታል። የኤም ኤስ ሱቡላክሽሚን ቅጂዎች ፈልግ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የህንድን ከፍተኛ ሽልማት ባራት ራትናን ከሙዚቀኞች መካከል መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት።

3. እጅህ ይቁጠር። አዲ ታላ የሚባለው የምት ዑደት ስምንት ምት ነው። መዳፍህን ጭንህ ላይ ምታ፤ ቀጥለህ ትንሿን ጣት፣ የቀለበት ጣትን፣ የመሐል ጣትን በየተራ አሳርፍ፤ አራት ሆነ። ከዚያ ምታና ገልብጥ፣ ምታና ገልብጥ። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ሽማግሌውም ልጁም እንዲሁ ሲቆጥሩ ታያለህ። ምሪዳንጋም የሚባለውን ከበሮ የሚመታው ሰው ብቻውን ሲቀር ቆጠራው ካልጠፋህ፣ ነገሩ እየገባህ ነው።

4. የካቬሪን ወንዝ እወቅ። ራጋ ወንዝና ተራራ ይስላል የሚሉህን አትቀበል፤ እኔ አልቀበልም። ወንዙ ያደረገው ከዚያ ይበልጣል፤ ሰዎቹን መገበ። ካቬሪ ከምዕራብ ጋትስ ተራሮች ተነሥቶ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። እኛ አገር ክረምት ሲሆን እነዚያም ተራሮች ይዘንብባቸዋል፤ ያ ውሃ ታች ታንጃቩር ሜዳ ሲደርስ ሩዝ ይሆናል። ሩዙ ቤተ መቅደሱን አኖረ፣ ቤተ መንግሥቱን አኖረ፣ ባለ ዜማውን አኖረ። ሺያማ ሻስትሪ፣ ትያጋራጃና ሙቱስዋሚ ዲክሺታር፣ ሦስቱ ታላላቆች፣ 15 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በዚያው ሜዳ፣ ቲሩቫሩር በምትባል አንዲት ከተማ ተወለዱ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ትያጋራጃ የኖረው ካቬሪ ዳር፣ ቲሩቫያሩ ነው። ስለ ወንዙ አፈሳሰስ በአሳቬሪ ራጋ የደረሰው መዝሙርም አለው። እ.ኤ.አ. በ1847 ሲያርፍ መቃብሩ እዚያው ወንዝ ዳር ሆነ። ቦታው ተጎሳቁሎ ሳለ ባንጋሎር ናጋራትናማ የተባለች ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በራሷ ገንዘብ መቅደስ አሠራችበት። በዚያን ጊዜ በመታሰቢያ በዓሉ ላይ ሴቶች አይዘምሩም ነበር፤ ታግላ ያንን በር ያስከፈተችው እሷ ናት። ዛሬ ሐውልቷ በመቅደሱ ትይዩ ተቀምጧል። በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ጥር፣ ሙዚቀኞች መሬት ላይ ፊት ለፊት ተደርድረው አምስቱን ታላላቅ መዝሙሮቹን በኅብረት ይዘምራሉ። የናጋራትናማን ስም ሳታነሣ የትያጋራጃን ስም አታንሣ።

5. ግጥሞቹ አብዛኞቹ ጸሎት መሆናቸውን አትርሳ። ትያጋራጃ በቴሉጉ ቋንቋ ለአምላኩ ለራማ ዘመረ፤ ዲክሺታር በብዛት በሳንስክሪት ደረሰ። እምነታቸው እምነትህ ባይሆንም ሰው ሲጸልይ እንደምትቆም ሆነህ ስማ።

6. ዝናቡን ጠብቅ። እነዚህ ከተሞች የሚገኙበት የታሚል ናዱ ግዛት ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው የእኛ ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ዲክሺታር ኤታያፑራም ወደሚባል ደረቅ ቦታ ደርሶ በአምሪታቫርሺኒ ራጋ ቢዘምር ዝናብ ወረደ ብለው ይተርካሉ። አፈ ታሪክ ነው፤ ዝናብ የሚናፍቅ አገር የሚተርከው አፈ ታሪክ። ራጋውን እዚያው ደረቅ ምድር ላይ ሆነህ ብትሰማው ለምን እንደሚተርኩት ይገባሃል።

7. ከቻልህ ሂድ። ታኅሣሥ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ቼናይ የኮንሰርት ከተማ ትሆናለች። የማታው በትኬት ነው፤ ቀን ቀን ወጣቶች የሚጫወቱባቸው ኮንሰርቶች ግን ብዙዎቹ በነጻ ናቸው። ከእነሱ ጀምር፣ እስኪያልቅም አትነሣ። ከዚያ በባቡር ወደ ታንጃቩር ውረድ። ቲሩቫያሩ ከዚያ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡስ አለ።