በባዕድ አገር ስለ ተፈረደ ፍቺ

ባል ወይም ሚስት ወደ ባዕድ አገር ሄዶ ከዚያው ዳኛ የፍቺ ወረቀት ይዞ ቢመለስ፣ ወረቀቱ በአገሩ ይጸናልን? ጥያቄው ለዳኞች ብቻ የተተወ አይደለም፤ ሁለተኛ ጋብቻ እንዲባርክ የሚለመነውንም ካህን ያገኘዋል። ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ ልናስረዳ ወደድን።

በአሜሪካ የኔቫዳ ክፍለ ግዛት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ለፍቺ የሚፈለገውን የመኖሪያ ጊዜ ወደ ስድስት ሳምንት አሳጠረ። ከዚህ በኋላ ከሰሜን ካሮላይና አንድ ባለትዳርና አንዲት ባለትዳር የትዳር ጓደኞቻቸውን ትተው ወደዚያ ሄዱ፤ ፍቺውንም አግኝተው እርስ በርሳቸው ተጋብተው ተመለሱ። ሰሜን ካሮላይናም በትዳር ላይ ትዳር ፈጽማችኋል ብላ ከሰሰቻቸው። በዚያው አቆጣጠር በ1942 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ አንዱ ክፍለ ግዛት የሌላውን ፍርድ ሊያከብር ይገባዋል ሲል ቅጣቱን ሻረ። በ1945 ግን ነገሩ እንደ ገና ቢቀርብለት፣ ሰዎቹ ኔቫዳን በእውነት መኖሪያቸው አድርገው እንደ ሆነ ሰሜን ካሮላይና ራሷ ልትመረምር ትችላለች ብሎ ቅጣቱን አጸና። በ1948ም በሌላ ክርክር፣ የኔቫዳ ፍቺ ጋብቻውን ቢያፈርስም በኒውዮርክ ለቀረችው ሚስት አስቀድሞ የተፈረደላትን ቀለብ አያስቀርባትም ሲል ወሰነ።

በአንድ መንግሥት ሥር ባሉ ክፍለ ግዛቶች መካከል ይህን ያህል ምርመራ ካስፈለገ፣ በልዩ ልዩ መንግሥታት መካከልማ ምን ያህል ያስፈልግ! የአገራችን የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ458ኛው አንቀጽ፣ የውጭ አገር ፍርድ በኢትዮጵያ እንዲፈጸም አምስት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን፣ ፍርድ ቤቱ በሕግ የተቋቋመ መሆኑን፣ የተፈረደበት ሰው ቀርቦ ለመከራከር ዕድል ማግኘቱን፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን፣ ደግሞም ከሕዝብ ጸጥታና ከመልካም ጠባይ ጋር አለመቃረኑን ነው።

ሦስተኛውን በተለይ እናስተውል። ባሏ በባሕር ማዶ ሳለ፣ መጥሪያ ሳይደርሳት፣ ቃሏም ሳይሰማ የተፈታች ሚስት ባለትዳር እንደ ሆነች አምና ቤቷን ትጠብቃለች። አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ በአገራችን ልማድም የተነወረ ነው።

የዳኛ ወረቀት ሌላ፣ ምሥጢረ ተክሊል ሌላ ነው፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ስለ ጋብቻ አንድነት ያስተማረውን ማኅተም አይሽረውም። እንግዲህ ካህን እንዲህ ያለ ወረቀት በቀረበለት ጊዜ አይቸኩል፤ የቀረው ወገን ተሰምቶ እንደ ሆነ፣ የአገሩ ፍርድ ቤት ተቀብሎት እንደ ሆነ፣ ልጆቹም ቀለባቸውን የሚያገኙ እንደ ሆነ ይመርምር፤ ከዚያም ጉዳዩን ለሀገረ ስብከቱ ያቅርብ። ምእመናንም ከመፈራረም በፊት ይህን ይጠይቁ፤ በሩቅ አገር በጥድፊያ የተፈታ ትዳር በአገር ቤት የሚያለቅስ ሰው ሊኖረው ይችላልና።