ነጭ የደም ሕዋሳት በአንጀት ብግነት በሽታ፦ የኢትዮጵያውያን መነሻ ልኬት ጥያቄ

ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት በሽታ በዋናነት ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የተባሉትን ሕመሞች ያጠቃልላል። በሁለቱም የአንጀትን ግድግዳ የሚያቆስለው የሰውነት የራሱ መከላከያ ነው። የአንጀት ሽፋን ሲላላ በውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሥሩ ወዳለው ኅብረ ሕዋስ ይዘልቃሉ፤ ማክሮፌጆች ቲ.ኤን.ኤፍ.ንና ኢንተርሉኪን 23ን የመሳሰሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፤ ቲ ሊምፎሳይቶች ይነቃሉ፤ ኒውትሮፊሎችም ከደም ሥር ወጥተው ሽፋኑን በማቋረጥ ወደ አንጀቱ ክፍተት ይፈስሳሉ። ባክቴሪያን የሚገድሉበት ኢንዛይም ጤነኛውንም ሕዋስ ይጎዳል። መድከማቸውም ቢሆን ከበሽታ አያድንም፤ ኒውትሮፊሎቻቸው በውርስ ጉድለት ባክቴሪያን መግደል የተሳናቸው ሕፃናት ክሮንስን የሚመስል የአንጀት ቁስለት ይይዛቸዋል።

የሰገራ ካልፕሮቴክቲን ምርመራ የተመሠረተው በዚሁ ፍሰት ላይ ነው። ፕሮቲኑ በኒውትሮፊል ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ፣ መጠኑ በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ የብግነት መኖር ዕድል አነስተኛ ነው። ከፍ ማለቱ ግን ብግነት መኖሩን እንጂ መንሥኤውን አይናገርም፤ ተላላፊ ተቅማጥም ከፍ ያደርገዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው በማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይገኛል። እኛን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ቆጠራው ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት፣ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው የሌለ አዋቂ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሕዋስ አማካይ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 775 ገደማ ሲሆን፣ ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ ከባዕድ አካል ጋር ገና ያልተገናኙት ቲ ሕዋሳት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ማነሳቸውን፣ የነቁት ደግሞ መብዛታቸውን አሳይቷል። በተጨማሪም በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ የደፊ አንቲጅን የሌላቸው ሰዎች ፍጹም ጤነኞች ሆነው ሳለ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ከ1500 በታች ሊሆን ይችላል። ይህ ባሕርይ በአገራችን በብዙዎች ዘንድ አለ።

መዘዙ በሁለት በኩል ይታያል። አዛታዮፕሪን የሚወስድ ታካሚ ነጭ የደም ሕዋሱ አነሰ ተብሎ የሚጠቅመው መድኃኒት ያለ አግባብ ሊቋረጥበት ይችላል። በአንጻሩ በጤናው ጊዜ 3500 የነበረው ሰው 9000 ሲደርስ፣ የላቦራቶሪው ወረቀት «መደበኛ» ቢለውም ሰውነቱ እየነደደ ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት ሁለተኛው የበለጠ ያሰጋል፤ ማንም ልብ አይለውምና።

ከሁሉም የሚከብደው የግራኑሎማ ጉዳይ ነው። ከለገዳዲ፣ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ ተነሥቶ ለኮሎኖስኮፒ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ፣ ለወራት የሆድ ሕመምና የክብደት መቀነስ ያለበትን ወጣት እናስብ። የክሮንስም የአንጀት ቲቢም ተወዳጅ ስፍራ የትንሹ አንጀት መጨረሻና የትልቁ መጀመሪያ ነው። በሁለቱም ማክሮፌጆች ተሰባስበው ግራኑሎማ ይሠራሉ። የቲቢው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ፣ እርስ በርሱ የተያያዘና መሐሉ የሞተ ሲሆን፣ የክሮንሱ ትንንሽና የተነጣጠለ ነው፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን መልክ የሚይዝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የጂን ኤክስፐርት ውጤት ነጻ ማለቱም ቲቢን አያስቀርም።

ስሕተቱ በየትኛውም አቅጣጫ ዋጋ ያስከፍላል። ክሮንስ ያለበት ሰው የቲቢ መድኃኒት ለወራት ሲወስድ አንጀቱ እየጠበበ ይሄዳል። ቲቢ ላለበት ፕሬድኒሶሎን ወይም ኢንፍሊክሲማብ መስጠት ግን ባክቴሪያውን አጥሮ የያዘውን ግንብ ማፍረስ ነው፤ ግራኑሎማን አያይዞ የሚያቆየው ቲ.ኤን.ኤፍ. ነውና። ኢንፍሊክሲማብ ከወሰዱ ታካሚዎች መካከል 70 የቲቢ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ2001 መመዝገባቸው ይህንኑ አሳይቷል። ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሎ ከተገኘም ስትሮንጂሎይድስ የተባለውን የአንጀት ትል ሳይፈትሹ ስቴሮይድ መጀመር አይገባም፤ ትሉ በመላ አካል ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ የታካሚው የቀድሞ የደም ቆጠራ ካለ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር አብሮ ቢላክ፣ ናሙና መርማሪውም ሐኪሙም ቁጥሩን ከራሱ ከሰውየው ጋር ያነጻጽሩታል።